ዝናብ የያዘው የዕረፍት ቀን፦ ከነልጆቹ ጣሪያ ሥር የት ይዋላል?

ጥያቄ፦ «ውድ አዘጋጆች፤ የ5 ዓመት ሴት ልጅና የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። አማቴም አብረውን ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ መቆም አይችሉም። ባለፈው የዕረፍት ቀን መናፈሻ ልንሄድ ተዘጋጅተን ዝናቡ ሲበረታብን ረፋዱ ላይ ሐሳባችንን ለወጥንና ሙዚየም ሄድን። ደጅ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተሰለፍን። ልጅቷ እግሯ ርሶ ስታለቅስ፣ ወንዱ ‹ይደብራል› እያለ ሲነጫነጭ፣ አማቴ መቀመጫ ሲያፈላልጉ ቀኑ አለፈ። ባለቤቴ ‹ሁለተኛ በዝናብ ንቅንቅ አልልም› ብሏል። ሁላችንንም የሚያስማማ ቦታ ይኖር ይሆን? ደግሞስ ጨርሶ ከቤት መውጣት የሌለብን መቼ ነው? — ሁለት ልብ የሆንኩት እናት»

መልስ፦ ውድ እናት፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳነው የመረጡት ቦታ ክፉ አልነበረም። ያበላሸባችሁ የደረሳችሁበት ሰዓትና የልጅቷ ካልሲ ነው። ሁለቱም በቀላሉ ይስተካከላሉ፤ ባለቤትዎም መሐላቸውን ለማፍረስ በቂ ምክንያት ያገኛሉ ብለን እናስባለን።

በዝናባማ ቀን ሁሉም ሰው የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ጠዋት «ያባራ ይሆናል» ብሎ ይጠብቃል፤ ረፋዱ ላይ ተስፋ ይቆርጥና ጣሪያ ወዳለው ቦታ ያመራል። ስለዚህ ከረፋድ አንሥቶ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ያለው ጊዜ ከሁሉም የተጨናነቀው ነው። በሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት ግን ክፍሎቹ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ውሳኔው የሚወሰነው እንግዲህ ከዋዜማው ማታ ነው። የአየር ትንበያው ዝናብ ካለ መናፈሻውን ከነጭራሹ ይርሱት፤ የቤት ውስጡን ቦታ መጠባበቂያ ሳይሆን ዋናው ዕቅድ ያድርጉት። የመግቢያ ሰዓት ያለው ትኬት የሚሸጥ ከሆነ ማታውኑ የመጀመሪያውን ሰዓት ይግዙ፤ ጠዋት ከመክፈቻው 15 ደቂቃ ቀደም ብለው ይድረሱ። ብዙ ሙዚየሞች በሳምንት አንድ ቀን ስለሚዘጉ ይህንንም አስቀድሞ ማጣራት አይከፋም።

አሁን ወደ ካልሲው። ልጅ በዝናብ የሚነጫነጨው በአብዛኛው እግሩ ስለረጠበ ነው። የጥጥ ካልሲና የጂንስ ሱሪ ውሃ መጥጠው ይይዛሉ፤ አንዴ ከረጠቡ ቤት እስክትመለሱ አይደርቁም፤ ሰውነትንም ያቀዘቅዛሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ትርፍ ካልሲ፣ ለትንሿ ደግሞ ትርፍ ሱሪ ጭምር ጠቅልለው ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ይያዙ። ለእርጥቡ የሚሆን ባዶ ፌስታልም አይርሱ፤ የረጠበው ልብስ ከደረቁ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ከገባ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ለልጆች ከጃንጥላ ይልቅ ከወገብ በታች የሚወርድ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል፤ ጃንጥላ አንድ እጅ ይይዛል፣ ሰልፍ ላይም የጃንጥላው ጠብታ የሚወርደው ከኋላ ባለው ሰው እግር ላይ ነው። የላስቲክ ቦቲ ለመንገዱ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰዓት ውስጥ ለውስጥ ለመዞር ግን ይከብዳል፣ እግር ያልባል። ቦቲ ካደረጉ ቀላል መቀየሪያ ጫማ ይያዙላቸው።

መነጽር ያላችሁም እንደገባችሁ ይደበዝዝባችኋል። ሞቃቱ እርጥብ አየር ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጤዛ ስለሚሠራ ነው፤ ቢጠርጉትም መልሶ ይደበዝዛል። መስታወቱ እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡት። ካሜራ ከሆነ ደግሞ እንደተዘጋ ቦርሳው ውስጥ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ይተዉት፤ ጤዛው ቦርሳው ላይ ያርፋል እንጂ ሌንሱ ውስጥ አይገባም።

ለእናንተ ቤተሰብ የምንመክረው ጠዋት ሙዚየም፣ ከሰዓት ቦውሊንግ (ከባድ ኳስ አንከባልሎ አሥር ጠርሙስ መሰል ፒኖችን የመጣል ጨዋታ) ነው። ምክንያቱም ጠዋት ላይ ሁሉም ዐይኑም እግሩም ትኩስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ልጅ ቁም ቢሉት አይቆምም፣ ጉልበቱን የሚያወጣበት ነገር ይፈልጋል። አማትዎም ሁለቱም ቦታ ተቀምጠው መካፈል ይችላሉ።

ሙዚየሙን እንጀምር። መግቢያው ላይ እርጥብ ካፖርታችሁንና ጃንጥላችሁን ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አስቀምጡ ብትባሉ ቅር አይበላችሁ። እንጨት፣ ብራና፣ ወረቀትና ጨርቅ ከአየሩ እርጥበት ሲስቡ ያብጣሉ፣ ሲለቁ ይሸበሸባሉ፤ ይህ ሲደጋገም ቀለማቸው ይሰነጠቃል። በመቶ የሚቆጠር ሰው ካፖርቱን እያንጠባጠበ ቢገባ ክፍሉን በአንድ ልክ ማቆየት ያስቸግራል። ለእናንተም ቢሆን ካፖርት ታቅፎ መዞር ድካም ነው። የጀርባ ቦርሳ እንድታስገቡ ከተፈቀደ ወደ ደረት ይዙሩት፤ ዕቃ የሚመታው ሰው ዞር ሲል ያልታየው ቦርሳ ነው።

እዚያው መግቢያ ላይ «ዊልቸር ታውሳላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሙዚየሞች በነፃ ያውሳሉ፤ ታጣፊ በርጩማ የሚሰጡም አሉ። አማትዎ «እኔ መራመድ አላቃተኝም» ሊሉ ይችላሉ፤ በርጩማውን ይሞክሩላቸው፣ እሱ ክብር አይነካም። ጉልበት የሚያደክመው መራመዱ ብቻ አይደለም፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ ቆም፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ ቆም ማለቱ ይብሳል። ይህ ድካም ከእርጅና የመጣ አይደለም። ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን የተባለ የቦስተን ሙዚየም ሰው በ1916 እ.ኤ.አ. «የሙዚየም ድካም» በሚል ርእስ ጽፎበታል፤ አንድ ሰው ዕቃዎቹን ለማየት እንዴት ጎንበስ ቀና እንደሚል በፎቶግራፍ አስደግፎ አሳይቷል። ድካሙ ከዕቃዎቹ አቀማመጥ የመጣ ነው፤ ዝቅ ያለውን ሣጥን ለማየት ወገብ ይጎብጣል፣ ከፍ ያለውን ለማንበብ አንገት ይንጋጠጣል።

ስለዚህ ሙዚየሙን ሁሉ ለማየት አይሞክሩ። ሦስት ክፍል ብቻ ይምረጡ። ጠቅላላው ከ90 ደቂቃ አይለፍ፤ ደስ እያላችሁ ቢሆንም እንኳ ውጡ። ልጅ ገና ሳይሰለች ከወጣ ሌላ ጊዜም ይመጣል፤ እያለቀሰ የወጣ ልጅ ግን ለረጅም ጊዜ «ሙዚየም» የሚለውን ቃል መስማት አይፈልግም። ሊፍት ካለ ከላይኛው ፎቅ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ አብዛኛው ሰው ከምድር ቤት ስለሚጀምር ላይ ያለው ዘግይቶ ነው የሚሞላው።

ለ5 ዓመቷ ልጅ አደን ያዘጋጁላት። «እዚህ ክፍል ውስጥ አራት እግር ያለው አምስት ነገር ፈልጊ» ብትባል ወንበሩንም፣ ፈረሱንም፣ የነሐስ ድስቱንም ትቆጥራለች፤ ሳታውቀው ክፍሉን ሁሉ ታያለች። ለ11 ዓመቱ ግን ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው። ለእሱ ካርታውን ይስጡትና መሪ ያድርጉት፤ ሦስቱን ክፍሎች የሚመርጠው እሱ ይሁን። አንድ ጥያቄ ብቻ አስይዘው ይላኩት፦ «ይህ እንዴት ተሠራ?» ሸክላ ላይ የጣት መሄጃ መስመር፣ እንጨት ላይ የመጥረቢያ ጥርብ፣ ብረት ላይ የመዶሻ ጉድጓድ፣ ሐውልት ላይ ተሰብሮ የተገጠመበት ስፌት። አንዴ ዐይኑ ከለመደ እሱ ነው የሚያሳያችሁ። መሣል ቢያምረው እርሳስ ይያዝ፤ በብዙ ቦታ እስክሪብቶ የተከለከለው ቀለሙ ዕቃ ላይ ካረፈ ስለማይለቅ ነው።

ክፍሉ ጨለምለም ካለም ብልሽት አይደለም። ብራናና ጨርቅ በብርሃን ስለሚደበዝዝ ብዙ ጊዜ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) በሚሆን ብርሃን ብቻ ነው የሚያበሩት፤ ይህ ቢሮ ውስጥ ከለመድነው ብርሃን ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ዐይን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ የትልቅ ሰው ዐይን ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። አማትዎን በሩ አጠገብ ትንሽ አስቀምጠው ቢያሳርፉ ጽሑፉንም ለማንበብ ይቀላቸዋል፣ ደረጃም አይስቱም።

ምሳ ሌላው ሰው ከመራቡ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይበላ። ለመመለስ የሚያስቡ ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት በዚያው ትኬት ዳግም መግባት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

ወደ ቦውሊንጉ እንለፍ። ይህንን የመረጥንላችሁ የ5 ዓመት ልጅ፣ የ11 ዓመት ልጅና ጎልማሳ በአንድ ሰሌዳ ላይ እኩል ሊወዳደሩ የሚችሉበት ጨዋታ ብዙ ስለሌለ ነው። ተራው እስኪደርስ ሁሉም ስለሚቀመጥ ለአማትዎም ይመቻል። ለአንድ ሰው አንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል ብለው ያስሉ፤ አራት ሰው ከተጫወተ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። በዝናብ ቀን ሳያስይዙ አይሂዱ። ሲያስይዙም ለትንሿ የጎን መከላከያ እንዲነሣላትና የኳስ ማንሸራተቻ እንዲቀርብላት ይንገሯቸው። መከላከያው ኳሱ ቦይ ውስጥ እንዳይገባ ያግዳል፤ ማንሸራተቻው ላይ ደግሞ ኳሱን አስቀምጣ መግፋት ብቻ ነው።

የኳስ ምርጫ ላይ ሰው በብዛት ይሳሳታል። ኳሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ክብደቱ ነው፣ በፓውንድ፤ አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 16 ይገኛል። ለጀማሪ ከሰውነቱ ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ ይበቃዋል፤ ልጅዎ 36 ኪሎ ከሆነ 8 ቁጥር ይያዝ። ለ5 ዓመት ልጅ 6 ቁጥሩም ስለሚከብዳት ነው ማንሸራተቻ ያልነው። ቀዳዳዎቹም ልክ መሆን አለባቸው። አውራ ጣት እስከ ሥሩ ገብቶ ያለ ችግር የሚወጣ ይሁን፤ ከጠበበ ኳሱ ሲለቀቅ ጣቱን ይዞ ይጎትተዋል፣ ከሰፋ ደግሞ ተጫዋቹ እንዳያመልጠው ጨምቆ ስለሚይዝ ክንዱ ቶሎ ይዝላል። መካከለኛውና የቀለበት ጣት ሌሎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባሉ።

በዝናብ ቀን ዋናው አደጋ ግን ጫማው ነው። የሚከራዩት ጫማ ሶል እንዲያንሸራትት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ተጫዋቹ ተንደርድሮ ሲመጣ የመጨረሻው እርምጃ ወለሉ ላይ ይንሸራተትና ቀስ ብሎ ይቆማል። ሶሉ ጥቂት እርጥበት ከነካው ግን እግር ባለበት ቀጥ ይላል፣ ሰውነት ወደፊት ይቀጥላል፣ ሰውየው በአፍጢሙ ይደፋል። የተከራያችሁትን ጫማ አድርጋችሁ መጸዳጃ ቤት አትሂዱ፤ ጃንጥላና እርጥብ ካፖርት ከመንደርደሪያው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ መጠጥ ከፈሰሰም ሠራተኛ ጠርታችሁ አስጠርጉ። ሁለተኛው አደጋ ተጫዋቹ ሊያልፈው ከማይገባው የመወርወሪያ መስመር ማዶ ነው። ከመስመሩ እስከ ፊተኛው ፒን 18.29 ሜትር ሲሆን ከወለሉ አብዛኛው ክፍል በስስ ዘይት የተቀባ ነው፤ ዘይቱ አይታይም። ልጅ ኳሱን ተከትሎ ከሮጠ እንደ በረዶ ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ልጆቹን ወደ መስመሩ ወስደው «ከዚህ ወዲያ እግር አይገባም» ይበሏቸው።

ነጥቡን ማሽኑ ይቆጥራል፤ 11 ዓመቱ ግን አሠራሩን ቢያውቅ ጨዋታው ይጥመዋል። አሥር ዙር አለ፣ በየዙሩ እስከ ሁለት ጊዜ፣ በመጨረሻው ዙር ደግሞ እስከ ሦስት ጊዜ ይወረወራል። በመጀመሪያው ውርወራ አሥሩም ከወደቁ ስትራይክ ነው፤ 10 ነጥብና የሚቀጥሉት ሁለት ውርወራዎች ይደመሩለታል። በሁለቱ ውርወራ አሥር ከሞላ ስፔር ነው፤ 10 ነጥብና የሚቀጥለው አንድ ውርወራ። ለምሳሌ በአንደኛው ዙር ስትራይክ፣ በሁለተኛው 3 ከዚያም 4 ቢጥል፣ አንደኛው ዙር 17 ይሆናል፣ ሁለተኛው 7፣ ድምሩ 24። እንከን የለሽ ጨዋታ 300 ነው። ለማነጣጠር ደግሞ ፒኖቹን ትቶ ወለሉ ላይ ከመስመሩ አለፍ ብለው የተሣሉትን ቀስቶች ይመልከት፤ ቅርብን ኢላማ መምታት ሩቅን ከመምታት ይቀላል። ቀኝ እጅ የሚጠቀም ከሆነ ከመሃል አንድ ቀስት ወደ ቀኝ ብሎ ይሞክር።

ሌላ ጊዜ መለዋወጥ ቢፈልጉስ? ለ11 ዓመቱ የክላይምቢንግ ግድግዳ (በእጅና በእግር እየተያዘ የሚወጣ) ይስማማዋል፤ ለእርስዎ ቤተሰብ ግን ከእሱና ከአባቱ በቀር ሌላው ተመልካች ነው። ገመድ የሌለው ዝቅተኛው ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 4.5 ሜትር ነው፣ ሥሩ ወፍራም ፍራሽ አለው። ፍራሹ ስላለ እጅ አይሰበርም ማለት አይደለም። የሚወድቅ ልጅ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ለመደገፍ ይሞክራል፤ ክርኑና አንጓው የሚጎዳው በዚህ ነው። ከመውጣቱ በፊት መሬት ላይ ያለማምዱት፦ በሁለት እግር፣ ጉልበት አጠፍ፣ ወደ ኋላ ተንከባለል፣ እጅ ደረት ላይ። ከሰው ሥር አለመቆምም ሕግ ነው። ጀማሪ ራሱን በክንዱ እየጎተተ ስለሚወጣ ቶሎ ክንዱ ይደርቃል፤ በእግርህ ግፋ፣ ክንድህን ዘርጋ ይበሉት።

ትራምፖሊን ቤት (የተወጠረ መረብ ላይ የሚዘለልበት) ሲባል ልጆች ይፈነድቃሉ፤ እኛ ግን ለትንሿ አንመክርም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንደሚለው ከትራምፖሊን ጉዳቶች ሦስት አራተኛ የሚሆነው የሚደርሰው ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ላይ ሲዘል ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም ክብደቱ ትንሽ የሆነው ልጅ ነው። ትልቁ ሲያርፍ መረቡ ትንሹን ባላሰበው ሰዓት ወደ ላይ ይወረውረዋል። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆችም አይመከርም። ወንዱ ከሄደ በአንድ መረብ አንድ ሰው፣ ግልብጥብጥም ክልክል።

አኳሪየም ለአማትዎም ለትንሿም ይሆናል፤ በተለይ ትልቁ ገንዳ ፊት ያለው መቀመጫ። ዓሦቹ የሚመገቡበትን ሰዓት ጠይቀው ከዚያ 20 ደቂቃ ቀደም ብለው ፊት ለፊት ቦታ ይያዙ። ልጆቹ መስታወቱን አያንኳኩ። ድምፅ ውሃ ውስጥ በአየር ውስጥ ካለው ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ ለእኛ ትንሽ ንክኪ የሆነው ለዓሣው ድንጋጤ ነው። ፎቶ ለማንሣት ፍላሹን አጥፍተው የስልኩን ሌንስ መስታወቱ ላይ ያስጠጉ፤ ነጸብራቁ ይጠፋል። ሻርኩ ቅርብ መስሎ ከታያት ደግሞ ውሃው ነው፤ ዝርግ መስታወት ካለው ገንዳ ውስጥ ያለ ነገር ከእውነተኛ ርቀቱ ወደ ሦስት አራተኛ ቀርቦ ይታያል።

ፕላኔታሪየም (ጉልላቱ ላይ የከዋክብት ሰማይ የሚታይበት አዳራሽ) በዝናብ ቀን ከምንወዳቸው አንዱ ነው፤ ደመናው ቢከብድም ሰማይ ይታያል። ዛይስ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን የከዋክብት ማሳያ መሣሪያ ሙኒክ ውስጥ ለዕይታ ያቀረበው በ1923 እ.ኤ.አ. ነው። ጉልላቱ ላይ ያለው ሰማይ ሲዞር ማቅለሽለሽ የሚይዘው ሰው ከኋላ ረድፍ መሃል ላይ ይቀመጥ፤ ካዞረው ዐይኑን ጨፍኖ ወንበሩን ይያዝ። ከተጀመረ በኋላ በሩ ስለማይከፈት ልጅቷን አስቀድመው መጸዳጃ ቤት ያድርሷት። ጨለማ የምትፈራ ከሆነ በበሩ በኩል ይቀመጡ።

ሲኒማ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ፤ ልጅ ቤት ሲቀመጥ አድሮ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ ሦስተኛ መቀመጥ አይሆንለትም። ቤተ መጻሕፍት ግን ነፃ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ የልጆች ክፍል ያለው ከሆነ የሁለት ሰዓት ዝናብ ያሳልፋል።

ጨርሶ መውጣት የሌለባችሁን ጊዜ በተመለከተ፤ ተራ ዝናብ አያስቀርም፣ መብረቅና ጎርፍ ግን ያስቀራሉ። መብረቅ ካዩ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ሴኮንድ ይቁጠሩ፤ በየሦስቱ ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይደርሱ ከሰሙ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ስላለ ከቤት አይውጡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠብቁ። መንገድ ላይ ከሆኑ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ መቆየት ይሻላል፣ ዛፍ ሥር መጠለል ግን አይሆንም። ጎርፍ ከሆነ ደግሞ መንገዱ የማይታይበት ውሃ ውስጥ አይግቡ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ብዙ ትናንሽ መኪኖችን ያንሳፍፋል። ባለቤትዎ «ትኬቱ ይቃጠላል» ብለው እንዳይቸኩሉ ሲገዙ ቀኑ የሚቀየር ትኬት ይምረጡ፤ ብዙ ቦታ ከአንድ ቀን በፊት ካሳወቁ ይቀይራሉ፤ ደንቡን ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡት።